እናቴን ጭራቅ ያደረግሽበት ድራማ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤
አምስተርዳም።

እንዴት ነሽ? ሰውነትሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ባሌ ዮናታንም ወደቡ ላይ ሺፍቱ እየተቀያየረበት ከመነጫነጩ በቀር ደህና ነው። ስለ ልጃችን ስለ ሄርሜላ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። የእናቶቻችን ደብዳቤ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይፈጅ ነበር፤ እኔም እንደ እነሱ ማርዘም አያቅተኝም። ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ቂም ይዤ ሰላምታ አላበዛም።

ስልክ እያለ በወረቀት መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ የሚመጣ ድምፅ ማመን ካቆምኩ ቆየሁ፤ ያስቆምሽኝም አንቺ ነሽ። እጅ ጽሕፈቴን ግን ታውቂዋለሽ፤ ደብረ ብርሃን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የቤት ሥራዬን ስትገለብጪ ነው ያደግሽው። እኔ መሆኔን አትጠራጠሪም።

ሰሞኑን ስፈልግ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ድራማሽ እሁድ ማታ ሲጀመር የእናቴ ድምፅ እንዳይሰማበት። ሌላውን ሁሉ እንደፈለግሽ ጻፊው፣ ሽጪው፣ ተሸለሚበት። ድምፅዋን ብቻ። እሱንም ከለከልሽኝ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ መሀል ላይ እንዳታቋርጪኝ።

ወሬውን መጀመሪያ የሰማሁት ከፍቅርአዲስ ነው። ታውቂያታለሽ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ከጸበሉ ቀድማ ወሬ የምታድለው። የኛ ልጅ የጻፈችው አስፈሪ ተከታታይ ድራማ በሆላንድ ቴሌቪዥን ሊጀመር ነው፣ ጋኔኗ አማርኛ ተናጋሪ ናት አለች። አዳራሹ ተንጫጫ። ወጣቶቹ ስፓነንድ ነው፣ ስፓነንድ ነው እያሉ ስልካቸው ላይ ተደፉ፤ ልብ ሰቃይ ማለታቸው ነው። የሰበካው አቶ አየለ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈረንጅ ድሮ ስለኛ የሚያውቀው ረሃብ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጋኔን ሊጨመርበት ነው አሉ። ሴቶቹም ተከፋፈሉ፤ ግማሹ ኩራት ነው፣ ግማሹ ውርደት ነው እያለ።

ጠበቃሽ ማን እንደነበረ ታውቂያለሽ? እኔ! አቶ አየለን፣ አባቴ ሳያዩ አይፍረዱ፣ እሷ ሀገሯን አታሰድብም አልኳቸው። እንዲያውም ተቆጣሁ። እሁድ ማታ ሥራ እንዳይዘኝ ከአንዲት ሱሪናማዊት ባልደረባዬ ጋር ቀን ተቀያየርኩ። ቤውርስ ሜትሮ ጣቢያ ማስታወቂያው ተለጥፎ ሳየው ልቤ ዘለለ። ጥቁር ነጠላ የተከናነበች ሴት ከጀርባዋ ትታያለች፣ ከላይዋ በኛው ፊደል በትልቁ «ልጄ» ተብሎ ተጽፏል። ሰው እያየኝ ፎቶ አነሳሁትና ላኩልሽ። አንቺም የልብ ምልክት መለስሽልኝ። ርዕሱ ምንም አላስጠረጠረኝም፤ ልጄ የማትል እናት የት አለችና።

ከዚያ በአንዱ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብለን፣ ሄርሜላ ምንጣፉ ላይ እየሳለች፣ ማስታወቂያው በቴሌቪዥን መጣ። ጨለማ ክፍል፣ የምታለቅስ ወጣት፣ ስልክ። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ ወይ አለች። የእናቴን ድምፅ አወቅሁት። ሄርሜላም ብድግ ብላ፣ ማማ፣ ዳት ኢስ ኦማ፣ አያቴ ናት እያለች እየሳቀች ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጠች። ልትስማት ነበር መሰለኝ። ልክ ስክሪኑ ጋ ስትደርስ ያ ዓይን የሌለው ፊት ብቅ አለባት። ከዚያ ያቺ ባለ ጥቁር ነጠላ በእጅና በእግሯ ጣሪያ ጣሪያውን መጣች። ልጄ በቆመችበት ሸናች።

ሄርሜላ አያቷን በዓይኗ አይታት አታውቅም። የምታውቃት በድምፅ ብቻ ነው። በየዓመቱ ልደቷ ላይ ከሻማው በፊት ያንን የምታውቂውን መልእክት አሰማታለሁ፤ እሷም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ዳንክ ዩ ኦማ፣ አመሰግናለሁ አያቴ ትላታለች። አሁን ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ጆሮዋን ትይዛለች። ኦማ ጣሪያችን ላይ ናት ወይ ትለኛለች። እናቴን! ጉልበቷ ታሞ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ መውጣት አቅቷት ከደጀ ሰላሙ ሆና ተሳልማ የምትመለሰውን ሴትዮ ጣሪያ ላይ አስኬድሻት! ምን በድላሽ ነው? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አድርጋሽ ነው?

ታሪኩን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ከኔ አፍ ግን ሰምተሽው አታውቂም። ስለዚህ ስሚው።

ሄርሜላን እርጉዝ ሆኜ ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተኝቼ ነበር። ያን ጊዜ ነው እናቴ ውድነሽ ያረፈችው። እናንተም ተማክራችሁ እስክትገላገል አይነገራት አላችሁ። እሱን አልነቅፍም፤ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይረዳም፣ ወጋችን ነው። ዝም ብትሉ ኖሮ በኋላ አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ ይወጣልኝ ነበር። አንቺ ግን ዝም አላልሽም።

እናቴ ስልክ አልነበራትም። ጎረቤት ስለሆንን ድምፅዋን እየቀዳ የሚልክልኝ ወንድምሽ አድማሴ ነበር። ለአንቺም ትልክልሽ ነበር፤ እንደ ልጅዋ ነበር የምታይሽ፣ አንቺንም ልጄ ነበር የምትልሽ። እሷ ከሄደች በኋላ አንቺ ለራስሽ የተላከውን አንድ በአንድ እየመረጥሽ፣ ስሜ ባይጠራም የማያስነቃውን እየለየሽ፣ በአድማሴ ስልክ ለኔ አስላክሽው። ልጄ፣ የናንተ ብርድ ከኛ ብርድ ይብሳል ወይ። ልጄ፣ ጋቢሽን ደርበሽ ተኚ። እኔም ተኝቼ እያለቀስኩ እመልስላት ነበር። ሆዴ ገፋ እላታለሁ፣ ስለ ጾም ታወራኛለች። ፈራሁ እላታለሁ፣ ስለ ጎረቤት ላም ታወራኛለች። አርጅታለች እኮ ይለኛል ዮናታን። እሱም ያውቃል። እሱን ይቅር ያልኩት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ ስለያዝኩት ነው፤ ጉንፋን ነው ብሎ ሸወደኝ። አንቺ ስታለቅሺ አላየሁም።

ስወልድ ደግሞ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ ለዚህ ያበቃሽ አምላክ ይመስገን፣ ዓይኔ ባያይ ልቤ አየው የሚል መጣልኝ። እናቴ የልጅ ልጇን ባረከችልኝ ብዬ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ቤት እየመጣች የምታጥበኝን ሆላንዳዊት የአራስ ነርስ ሳይቀር አሰማኋት፤ ምንም ሳይገባት ዓይኗ እንባ ሞላ። ለካስ አምስተርዳም ስትመረቂ ለአንቺ የላከችልሽ ነው። ሄርሜላን በየልደቷ የማሰማት እሱን ነው። ለኔ እንዳልተላከ ባውቅም ሌላ የለኝማ።

መርዶው ቀን ትዝ ይልሻል? ከክርስትናዋ በኋላ፣ በማለዳ። በር ስከፍት የማኅበሩ ሰዎች ደረጃውን ሞልተውታል፣ አንቺ ከፊት ነሽ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፤ እዚህ አገር በክረምት ጥቁር ካፖርት የማይለብስ ማን አለ ብዬ ልብ አላልኩትም። ልጄን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ፣ ምነው ዘገያችሁ፣ ገንፎው እኮ አልቋል ብዬ ቀለድኩ። ሕፃኗን አቅፌ፣ ጥርሴን አሳይቼ።  ፍቅርአዲስ ልጅቷን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ አንቺ ደግሞ ክንዴን ያዝሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላስታውሰውም፤ የታችኛው ጎረቤት ሰው እየተገደለ መስሎት ፖሊስ መጥራቱንና እነሱ ሲመጡ የሆነውን ብቻ ነው የማስታውሰው። ለፖሊሶቹ ያስረዳሽላቸው አንቺ ነሽ። ስለ መርዶ፣ ስለ መደበቁ፣ ስለተላኩት ድምፆች፣ ሁሉን በሆላንድኛ አብራራሽ። ፖሊሷ አፏን ይዛ ስትሰማሽ ፊትሽ ሲበራ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ኀዘን አዙሮኝ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ሲገባኝ፣ እዚያው እናቴ ልቅሶ ላይ ድራማሽን አገኘሽ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማስታወቂያውን ያየሁ ዕለት ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም። በማግሥቱም እንዲሁ። ስታነሺ ደግሞ ቸኩለሽ ነበር፤ ድምፅ ቅንብር ላይ ነኝ አልሽ። ለመንኩሽ እኮ! ልጄ ፈርታለች፣ ድምፅዋን ብቻ አውጪልኝ አልኩሽ። አንቺም መታሰቢያዋ ነው አልሽ። አንዲት ተዋናይት ሞክራው ነበር፣ አልመጣላትም፣ እውነተኛውን ድምፅ ምንም አይተካውም አልሽ። እንዲህ ያለ ፍቅር በቴሌቪዥን ታይቶ አያውቅም አልሽ። ፍቅር! ስጮህብሽ ደግሞ ቀዝቀዝ ብለሽ፣ መልእክቱ የተላከው ለኔ ነው፣ ስልኬ ላይ ያለ የኔ ነው አልሽኝ።

ያ ቃልሽ ነው ነገሩን ያበቃው። ወይ ጉድ! ልጄ ስላለችሽ ወረስሻት? እናትና አባትሽ ሞልተውልሽ የኔን አንዲት እናት? ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ቆሜ፣ ይቺን ሳላስለቅሳት ብቀር የውድነሽ ልጅ አይደለሁም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ዮናታን ሰምቶ ምን ሆነሻል አለኝ።

ዴን ሃግ ሕግ የሚማረውን ዘአማኑኤልን አገኘሁት፣ የዮናታንን የአክስት ልጅ። ነገሩን ስነግረው፣ የሟች ድምፅ ቤተሰብ ሳይፈቅድ ተወስዷል ብለሽ አቤት ካልሽ ጣቢያው ይደነግጣል፣ ባይሰርዙት እንኳ ያዘገዩታል ብሎ ገመተልኝ። ኢሜይሉንም በሆላንድኛ አሳምሮ ጻፈልኝ። መላክ ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ቶሎ መላክ አልፈለግሁም። ዴን ሃግ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ለተጋበዘ ሰው የሚታየው ሐሙስ ነው። ለብሰሽ፣ ተቀብተሽ፣ አበባ ታቅፈሽ መድረኩ አፋፍ ላይ ስትደርሺ እንዲደርስሽ ነበር የፈለግሁት። እያንዳንዷን ደቂቃ አስቤባታለሁ። ሥራ ላይ አዛውንቶቼን እያለበስኩ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ቭላርዲንገን፣ አንዲት አሮጊት እያጠብኩ ስልኬ አልቆም አለ። አድማሴ ነው። ሴትዮዋን አድርቄ፣ አልብሼ፣ ወጥቼ ደወልኩለት። ድምፁ ተዘግቷል። ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ሁሉም በወጉ ተፈጽሟል፣ ሰዉም ተመልሷል አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ቀጥሎ ለመነኝ። እህቴ ለጊዜው እንዳትሰማ አለኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችበት ነገር ሐሙስ ይመረቃል፣ እሁድ ይጀመራል፤ ይጀመርላትና ከዚያ በኋላ የማኅበሩን ሰዎች ይዘሽ አንቺ ትሄጃለሽ፣ ካንቺ በላይ ለሷ ማን ቅርብ አለ አለኝ። መጣላታችንን አልነገርሽውም ለካ። ከዚያ፣ እማዬ ላንቺ የላከችልሽ ድምፅ ካለ ላኪልኝ አለ። እኔ ጋ ያለውን ሁሉ እሷ ሰምታዋለች፤ ዝም ካልን ትጠረጥራለች፣ ለምርቃቷ አንድ ልላክላት አለኝ። ክፋት የለበትም እሱ። አንቺ ያስተማርሽውን ነው ያደረገው።

እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ አለቀስኩ። እናትሽ እትዬ ትርንጎ እኔንም አዝለውኛል። እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የማታ ተረኛ ስትሆን ያደርኩት እሳቸው ጀርባ ላይ ነው። አለቀስኩ፣ አለቀስኩና እንባዬ ሲያልቅ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እሰይ አልኩ። የላስቲክ ጓንቴን ሳላወልቅ፣ እዚያው ደረጃ ላይ፣ እሰይ!

የዘአማኑኤልን ኢሜይል አጠፋሁት። ምን ያደርግልኛል? ከዚህ የበለጠ ምን ልልክልሽ እችላለሁ? ከዚያ የእትዬ ትርንጎን መልእክቶች እያሰማሁ መረጥኩ። ስሜ ያለበትን ተውኩ። ልጄ የሚለውን ያዝኩ። ይሄን ሥራዬን ስጀምር የላኩልኝ አለ፤ በርቺ ልጄ፣ እመብርሃን ትከተልሽ፣ የእጅሽ ሥራ ይባረክ የሚል። ለአድማሴ ላኩለት። 

ሐሙስ ዕለት ዴን ሃግ የመጣሁት ለዚህ ነው። ግብዣሽን ተቀብዬ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ድራማሽ መጥፎ ቢሆን በተሻለኝ። ጥሩ ነው። እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። የእናቴ ሳል ከአራቱም ግድግዳ ሲመጣ አጠገቤ የነበረችው ሆላንዳዊት ክንዴን ጨመቀችው። እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው። ያቺ ወጣት ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ የምትናገረው ቃል የኔ ነው። እማዬ፣ ልጄን ሳልወዳትስ ብቀር ብዬ ያልኳት። ዮናታን ሳያየኝ ሽንት ቤት ቆልፌ የተናገርኩት። ለባሌ ያልነገርኩትን ለእናቴ ነግሬ፣ ሰሚዋ አንቺ ሆነሽ ኖሯል። አድማሴ ሁሉንም ይልክልሽ ነበር፣ አይደል? የምትመልሺው እንዲገጥም።

ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። መድረክ ላይ ወጣሽ። ጥያቄ ጠየቁሽ፤ አንዱ ቤተሰብሽስ ምን አለ አለሽ። ስልክሽን አወጣሽ። እናቴ አስፈሪ ድራማ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ግን ዛሬ ጠዋት ባርካኛለች ብለሽ ማይክራፎኑ ላይ አስጠጋሽው። በርቺ ልጄ።  እመብርሃን ትከተልሽ። በሆላንድኛ ተረጎምሽላቸው፣ አጨበጨቡ። አንቺ ስልኩን ሳምሽው።

ዘዴውን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ እንዴት አልጠረጠርሽም? ሰው በእናቱ ድምፅ አይጠረጥርም፤ እኔም አልጠረጠርኩም ነበር። ይሄን የሚያውቅ በአዳራሹ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። አጨበጨብኩ። አዎ፣ ቆሜ አጨበጨብኩልሽ። ዓይንሽ እኔ ላይ ሲያርፍ እጅሽን አወዛወዝሽልኝ፣ ሳቅሽልኝ። ይቅር ያልኩሽ መሰለሽ። ጣፈጠኝ። በባቡር እስክመለስ ድረስ አፌ ውስጥ ነበር ጣዕሙ።

ትናንት ጠዋት አድማሴ ደግሞ ላከልኝ። ለእናትሽ የመለስሽው ነው። እኔ መስማት አልቻልኩም፣ አንቺ ሰምተሽ ምን ልመልስላት በይኝ አለ። ሄርሜላን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ብስክሌቴን እንደያዝኩ አጥሩ ሥር ቆሜ ሰማሁት። እማዬ፣ አጨበጨቡልሽ እኮ ትያለሽ። እማዬ፣ ይሄ ነገር ካለቀ እመጣለሁ፣ ለገና እመጣለሁ፣ ዘንድሮ ምክንያት የለኝም። በዓመት በዓመት ሳታልልሽ ኖርኩ አይደል ትያለሽ። ደክሞኛል እማዬ፣ እዚህ ማንም የለኝም ትያለሽ። ጠብቂኝ ብለሽ ትጨርሺዋለሽ።

እኔ ጋ የሚገጥም መልስ ነበር። ያኔ ወረቀት ሳላገኝ፣ አገር ቤት መሄድ አምሮኝ ሳለቅስ፣ እትዬ ትርንጎ የላኩልኝ፤ እጠብቅሻለሁ ልጄ፣ የትም አልሄድም የሚል። አወጣሁት። ጣቴ ላዩ ላይ ነበር። እሱን ብልክልሽ ኖሮ ለገና ትኬት ትቆርጪ ነበር፣ ስጦታ ትገዢ ነበር፣ ሻንጣ ትሞዪ ነበር፤ ከዚያ ፍቅርአዲስና አቶ አየለ በማለዳ ደረጃሽን ሞልተውት ትከፍቺላቸው ነበር። ያየሁትን ሁሉ ልታዪ ነበር፣ አንድም ሳይጎድል። ይገባሻል። አሁንም ይገባሻል እላለሁ።

አልላክሁትም። ለምን እንዳልላክሁት ለራሴም አልገባኝም። ስለራራሁልሽ አይምሰልሽ። ምናልባት ሰውዬው ምን ልመልስላት ሲለኝ፣ ያኔ አንቺንም እንዲህ ጠይቆሽ እንደነበር ታይቶኝ ይሆናል። አንቺ መልስ ነበረሽ። እኔ እንዳንቺ መሆን አስጠላኝ። እሱ ነው እንጂ ሌላ ደግነት የለኝም።

ስለዚህ በቀሌን እንዲህ አድርጌዋለሁ። የአድማሴን ልመና አፍርሻለሁ፣ ወጉንም አፍርሻለሁ። ለኔ ያልተደረገልኝን ላንቺ አደረግሁ፤ አልደበቅሁሽም። እሁድ በደስታ እንዳትቀመጪም አደረግሁ። የትኛው ለክፋት፣ የትኛው ለደግ እንደሆነ አንቺው ለዪው።

ይሄን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። በበርሽ የፖስታ ቀዳዳ በእጄ ከትቼዋለሁ። እኔ ታች፣ ትራም ፌርማታው ወንበር ላይ ነኝ። ሄርሜላን ከዮናታን ጋር ትቻት ነው የመጣሁት፤ የሚያጣድፈኝ የለም። መጀመሪያ ለአድማሴ ደውዪለት። ድምፅ እንዳትልኪለት፤ ደውዪና ሕያው ሰው ያናግርሽ። ከዚያ ብትፈልጊ በሩን ክፈቺልኝ። ላቅፍሽ አልመጣሁም፤ ስትጮኺ የሚሰማሽ ሰው እንዲኖር ነው። ብትፈልጊ ደግሞ አትክፈቺ፤ ቁጭ ብዬ እሄዳለሁ።

የእናቴን ድምፅ አውጪልኝ ብዬ ከእንግዲህ አልለምንሽም። ነገ ማታ ሰው ሁሉ ሲከፍተው አንቺም ክፈቺው። ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ ወይ ስትል እስከ መጨረሻው መስማት ከቻልሽ፣ ይሁን፣ ውሰጃት።

እመብርሃን አቅም ትሁንሽ። አገር ቤት ያሉትንም፣ አድማሴንም ታበርታልሽ።

እግዜር ያጽናሽ።

የውድነሽ ልጅ